አለንጋውና ድግሱ፦ ስለ ቅጣትና ሽልማት በመርካቶ ትምህርት ቤቶች

መግቢያ

በአማርኛ «ቀጣ» የሚለው ግሥ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ያጠፋን ሰው የጥፋቱን ዋጋ ማስከፈል ነው፤ ሁለተኛው ሥርዓት ማስያዝና ጠባይን ማረቅ ነው። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለው ተረት የሚናገረው ስለ ሁለተኛው ነው፤ ያልተቀጣ የተባለው ዱላ ያልቀመሰ ማለት ብቻ ሳይሆን ሥርዓት ያልተማረ ማለት ነውና። «ሸለመ» የሚለው ግሥ ደግሞ መሠረቱ ማስጌጥ ነው፤ በቀድሞ ዘመን ንጉሥ ወይም መስፍን ለጀግና ካባ ወይም ለምድ ሲያለብስ «ሸለመው» ይባል ነበር። እንግዲህ ከቃላቱ እንደምንረዳው ቅጣት ጠባይን ለማቅናት፣ ሽልማትም ሰውን በሌሎች ፊት አስጊጦ ለማሳየት የታሰበ ነበር።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው በአዲስ አበባ፣ መርካቶ በሚባለው የአዲስ ከተማ ሰፈር፣ ሕፃናት ፊደል ሲቆጥሩና ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ በቅጣትና በሽልማት እንዴት እንደ ተያዙ ነው። የምንደርስበትንም አሳብ ከአሁኑ እንገልጻለን። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከየኔታ ዱላውን ወረሰ፤ ትምህርቱን የጨረሰ ሁሉ የሚከበርበትን ድግስ ግን ሳይወርስ ቀረ። ይህም ጉድለት በመርካቶ ከሌላው ሰፈር ይልቅ ይጎዳል፤ ምክንያቱም ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ለሕፃን በዕለቱ የሚከፍል ገበያ አለ።

ስለ ቦታው

ከጠላት ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች ከተማይቱን ከያዙ በኋላ ነጩንና ጥቁሩን ለያይተው ለማስቀመጥ ባወጡት ፕላን መሠረት ያገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው አሁን ባለበት ቦታ አቋቋሙት። በቋንቋቸውም «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አሉት፤ ያገሬው ሰው ገበያ ማለት ነው። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ሁለተኛው ቃል ወድቆ የመጀመሪያው ብቻ የሰፈሩ ስም ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በየተራው ተከፋፍሎ አደገ። ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ጎጃም በረንዳ እየተባለ ስሙ ራሱ የሚሸጠውን ዕቃና የመጣበትን አገር ይናገራል። ከየክፍለ ሀገሩ፣ ይልቁንም ከጉራጌ አገር፣ ብዙ ሰው ለንግድ መጥቶ ሰፍሮበታል። የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ በቅርብ ጎረቤትነት የሚተያዩበት ቦታ ስለ ሆነ፣ ሕፃናትም በሁለት ዓይነት ጥንታዊ ትምህርት ቤት፣ በቄስ ትምህርት ቤትና በቁርኣን ቤት፣ ፊደል ይቆጥሩበት ነበር። ሦስተኛው፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በእነዚህ ላይ ተጨምሮ የመጣ ነው። ስለዚህ የሦስቱን አያያዝ በተራ እንመለከታለን።

የየኔታ ትምህርት ቤት

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የመጀመሪያው ደረጃ ንባብ ቤት ይባላል። ሕፃኑ ከሀሁ ይጀምራል፤ አቡጊዳን ይቆጥራል፤ ቀጥሎ ሐዋርያ በሚባለው በመልእክተ ዮሐንስ ላይ ንባብ ይለማመዳል፤ ከዚያም ወንጌለ ዮሐንስን፣ በመጨረሻም 150ውን መዝሙር የያዘውን ዳዊት ያነባል። ዳዊት የደገመ ልጅ ንባብ ቤትን ጨረሰ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ወደ ዜማ፣ ወደ ቅኔና ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ የሚያልፈው ጥቂቱ ነው፤ ብዙው ሕፃን ግን ዳዊት ደግሞ ወደ ቤቱና ወደ ሥራው ይመለሳል።

የየኔታ የቅጣት መሣሪያ በየአገሩ የታወቀ ነው። አለንጋ አለ፤ ከተቀመጡበት ሳይነሡ እስከ መጨረሻው ልጅ የሚደርስ ረጅም ልምጭ አለ፤ ቁንጥጫ አለ። ከባድ ጥፋት ያጠፋውን ልጅ አንድ ጠንካራ ተማሪ አዝሎት በጀርባው እንዲገረፍ ይደረግ ነበር። የሚጠፋ፣ ማለት ከትምህርት ቤት የሚኮበልል ልጅ ደግሞ በእግር ብረት ይታሰር ነበር። ወላጅም ልጁን ለየኔታ ሲያስረክብ «ዓይኑን ብቻ አደራ» ይል እንደ ነበር አዛውንት ያወሳሉ። በዚህች አጭር አነጋገር ወላጅ የመቅጣትን ሥልጣን ሁሉ፣ ከዓይን በቀር፣ ለመምህሩ አሳልፎ መስጠቱን እናያለን።

ነገር ግን ስለ ቄስ ትምህርት ቤት የሚጽፉና የሚያወሩ ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። በእኛ አስተያየት ግማሹን ብቻ ተናገሩ ማለት ነው። በዚያው ቤት የሽልማት ሥርዓትም ነበረ። ልጁ ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው ሲሻገር በቤተሰቡ ዘንድ ይታወቅለታል። ዳዊት የደገመ ዕለት ደግሞ ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ይደግሳሉ፤ ለየኔታም ልብስ ወይም ገንዘብ ወይም ሌላ ስጦታ ያቀርባሉ፤ ጎረቤት ተጠርቶ ሲመርቅ ልጁ በመካከል ይቆማል። ከዚህም ሌላ ቀደም ብሎ የገባው ልጅ ኋላ የመጣውን እንዲያስቆጥር ይታዘዛል፤ ይህ ራሱ ማዕረግ ነው፤ ትናንት ሲገረፍ የነበረው ዛሬ መምህር ይባላልና።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። በየኔታ ቤት ሽልማቱ የሚሰጠው ለሚቀድም ሳይሆን ለሚጨርስ ነው። አንዱ ልጅ ዳዊትን ቶሎ ይደግማል፣ ሌላው ዘግይቶ ይደግማል፤ ግን የዘገየው ልጅ ድግስ «ሠላሳኛ ወጣህ» ተብሎ አይቀርበትም። የአንዱ መክበር የሌላውን መዋረድ አይጠይቅም።

በዚህ አነጋገራችን ያለፈውን ዘመን አሳምረን ለማቅረብ አንሻም። በንባብ ቤት ከሴት ልጆች ይልቅ ወንዶቹ እጅግ ይበዙ ነበር፤ የድሃ ልጅ ድግስም ከንፍሮና ከጠላ አያልፍም ነበር። አንዳንዶችም «ያ አለንጋ ነው ሊቃውንትን ያወጣ» ይላሉ። ለዚህ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። ታሪኩን የሚነግሩን የጨረሱት ናቸው፤ የኮበለሉት አይነግሩንም። እግር ብረት ማስፈለጉ ራሱ የሚኮበልሉት ጥቂት እንዳልነበሩ ይመሰክራል።

ቁርኣን ቤት

በቁርኣን ቤትም አካሄዱ ብዙ የሚመሳሰል ነው። ሕፃኑ ሉህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ በቀለም የተጻፈለትን ያነባል፤ በቃሉ ሲይዘው ሰሌዳው ይታጠብና ሌላ ይጻፍለታል። ሸኹም እንደ የኔታ በትር ይይዛሉ። ቁርኣን በ30 ክፍል፣ በ114 ምዕራፍ የተከፈለ ስለ ሆነ፣ ልጁ ምን ያህል እንደ ሄደና ምን ያህል እንደ ቀረው እርሱም ወላጆቹም ሁልጊዜ ያውቃሉ። በመጨረሻም ቁርኣን ሲያኸትም ቤተሰቡ ይደግሳል፤ ለሸኹ ስጦታ ይቀርባል፤ ዱዓ ይደረጋል።

እንግዲህ በራጉኤል በኩልም ሆነ በአንዋር በኩል፣ ሃይማኖታቸው ለየብቻ ሲሆን፣ የሕፃናት አያያዛቸው በሦስት ነገር አንድ ነበር። በትሩ አለ፤ መንገዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የታወቀ ነው፤ በመንገዱም መጨረሻ የመንደሩ ሰው ቆሞ ይጠብቃል።

የመንግሥት ትምህርት ቤት

ዘመናዊው ትምህርት በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲጀመር ቅጣት አብሮት ነበረ። ያን ጊዜ ግን የተቀጣው ወላጁ እንጂ ልጁ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በተከፈተበት ዘመን በተነገረው አዋጅ፣ ወላጅ ልጁን ከስድስት ዓመት በኋላ እንዲያስተምር ታዘዘ፤ ሳያስተምር የቀረ ግን ሲሞት ሀብቱ ለመንግሥት እንጂ ለልጁ እንዳይሆን ተወሰነ። አዋጁ በሥራ ላይ ከዋለው ይልቅ ያልዋለው ቢበዛም፣ መንግሥት ትምህርትን በቅጣትና በጥቅም ለማስፋፋት ማሰቡን ያሳያል።

ከነፃነት በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሲበዙ ደግሞ አንድ አዲስ ነገር ገባ፤ እርሱም ደረጃ ነው። በክፍል ውስጥ የተማሪው ማዕርግ ከ1ኛ እስከ መጨረሻው ተቆጥሮ በካርድ ላይ መጻፍ ጀመረ። በዓመቱ መጨረሻ 1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ የወጡት በሰልፍ ፊት ተጠርተው ይሸለማሉ፤ የቀረው ያጨበጭባል። ይህ ልማድ ከአንድ አገር ብቻ መጣ ለማለት አይቻልም፤ በአገራችን ትምህርት ቤቶች ፈረንሳዮችም፣ እንግሊዞችም፣ ካናዳውያንም፣ አሜሪካውያንም አስተምረዋልና። አንዱን ምንጩን ግን በግልጽ ማሳየት ይቻላል። የኢየሱሳውያን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1599 ባወጣው የትምህርት ሥርዓት፣ እያንዳንዱ ተማሪ ተፎካካሪ እንዲኖረውና ለበለጡት በሕዝብ ፊት ሽልማት እንዲሰጥ ታዝዟል፤ ዱላ ሲያስፈልግም መምህሩ ራሱ ሳይሆን ለዚሁ የተቀጠረ ከማኅበሩ ውጭ የሆነ ሰው እንዲመታ ተደንግጓል። ካናዳውያን ኢየሱሳውያን እ.ኤ.አ. በ1945 የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ለማስተዳደር መጡ፤ ከእነርሱም አንዱ፣ አባ ሉሲየን ማት፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አቋቋሙ። ከእኛ መካከል በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግነው የዚህን ሥርዓት ጣዕም እናውቀዋለን፤ መጽሐፍ ተሸልመን ደስ ብሎናል፤ ያልተሸለመው ጓደኛችን ወደ መሬት ሲያይም አይተናል።

በዚሁ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ ትምህርት ቤቶችን እየጐበኙ በገና በዓል ለሕፃናት ልብስና ፍራፍሬ ያድሉ እንደ ነበር ይታወቃል። ይህ ስጦታ ደረጃን አይጠይቅም፤ በቦታው ለተገኘ ሁሉ ይደርስ ነበር። ዳሩ ግን ከላይ የሚወርድ ቸርነት እንጂ ልጁ ራሱ ጨርሶ ያገኘው ክብር አልነበረም።

ቅጣቱስ? ቅጣቱ ከቄስ ትምህርት ቤት ብዙ ሳይለወጥ ተሻገረ። አለንጋው በማስመሪያና በጎማ ተተካ፤ መንበርከክ፣ ጆሮ መቆንጠጥ፣ መዳፍ ዘርግቶ መመታት ቀጠለ። በዚያ ላይ ሦስት አዳዲስ ቅጣቶች ተጨመሩ። አንደኛው የክፍል ሞኒተር የሚጽፈው የረባሾች ስም ዝርዝር ነው። በየኔታ ቤት ትልቁ ልጅ ትንሹን ያስቆጥር ነበር፤ እዚህ ግን ትልቁ ልጅ ትንሹን ይከሳል። ሁለተኛው በካርድ ላይ «ጠባይ» በሚለው መስመር የሚሰጠው ማርክ ነው። ሦስተኛው «ወላጅ አምጣ» ነው። ሦስቱም ዱላ የሌለባቸው ስለ ሆኑ ቀላል ይመስላሉ፤ በመርካቶ ግን ከሁሉ የከበደው ሦስተኛው መሆኑን ወደ ፊት እናያለን።

በ1966 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ከሆነ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የተለየ ነገር ታየ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብና መጻፍ ችሎ ፈተናውን ላለፈ ጎልማሳ ሁሉ የምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር። ከተሸካሚው ጀምሮ እስከ ባለሱቁ ድረስ በቀበሌው የተማረ ሰው ወረቀቱን ሲቀበል፣ ማን ከማን በለጠ የሚል ጥያቄ አልነበረም። የዘመቻው ፖለቲካ ለሌላ ጽሑፍ ይቆየን፤ በሽልማት ረገድ ግን ሳያስበው ወደ ዳዊት ድግስ ተመልሶ ነበር ለማለት እንደፍራለን። ይህ ለጎልማሳው የተደረገው በሕፃናቱ ክፍል አልተደረገም። በ2000ዎቹ ዓመታት የመጣው የ«አንድ ለአምስት» አደረጃጀትም ጎበዙን ተማሪ በአምስት ጓደኞቹ ላይ መሪ አደረገው፤ እርሱም እንደ አያያዙ ወይ የየኔታን አስቈጣሪ ወይ የሞኒተሩን ዝርዝር ይመስላል።

ገበያው የሚከፍለው

በገጠር ከትምህርት ቤት የኮበለለ ልጅ የሚጠብቀው የከብት ጥበቃ ነው፤ እርሱም ከትምህርቱ ብዙ አይቀልም። በመርካቶ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከአጥሩ ውጭ ዕቃ የሚያሸክም አለ፤ ጫማ የሚያስጠርግ አለ፤ ፌስታል፣ ሶፍትና ማስቲካ አዙሮ የሚሸጥ ልጅ የሚፈልግ ነጋዴ አለ። ገበያው ሽልማቱን ለዓመቱ መጨረሻ አያቆይም፤ በዚያው ሰዓት በእጅ ይሰጣል። ስለዚህ በመርካቶ አንድ መምህር ልጅን ሲቀጣ፣ ሳያውቀው ከገበያው ጋር ይጫረታል።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በራጉኤል አካባቢ ፌስታል የሚሸጥ፣ ዕድሜው 12 ዓመት ያህል የሚሆን ልጅ አነጋግረን ነበር። ሁለት ቀን አርፍዶ በበሩ ላይ ተንበረከከ፤ በሦስተኛው ቀን «ወላጅ አምጣ» ተባለ። እናቱ ያሉት በገጠር ነው፤ የሚኖረው ከአጎቱ ጋር ነው፤ አጎቱ ደግሞ ጭነት የሚያወርድ ሰው ስለ ሆነ አንድ ጠዋት ቀረ ማለት የዚያን ቀን ምሳ ቀረ ማለት ነው። ልጁም «ማንን ላምጣ?» አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተመለሰም። ማርፈዱን የሚወድ ሰነፍ እንዳይመስለን ይሆናል፣ ከመካከላችን አንዱን «ጋሼ፣ እዚህም አረፍዳለሁ፤ ሳረፍድ የሚቀርብኝ ገንዘቡ ብቻ ነው» አለው።

ይህ ልጅ ታሪካችንን በአጭሩ ነግሮናል። በገበያው ውስጥ የማርፈድ ቅጣት ከማርፈዱ ጋር የተመዛዘነ ነው፤ ያረፈደውን ያህል ይቀርበታል፤ ነገ ግን በሩ ክፍት ነው። በትምህርት ቤቱ ግን የማርፈድ ቅጣት ከትምህርቱ መባረር ሆነ። የጥንቱ የኔታ ልጁ እንዳይጠፋ በብረት አሰሩ፤ ድርጊቱ ጨካኝ ቢሆንም ዓላማው ማስቀረት ነበር። የዛሬው «ወላጅ አምጣ» ግን ብረት ሳይኖረው በሩን ይዘጋል። ወላጅ ላለው ልጅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ወላጁ ሩቅ ለሆነው ማሰናበቻ ነው። በመርካቶ ደግሞ ከዘመድ ጋር ተጠግቶ የሚኖር ልጅ ብዙ ነው።

ሕጉ ምን አለ

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ልጅን በተገቢ መንገድ ማረምን እንደ ወንጀል አልቆጠረውም። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ከተቀበለች በኋላ ግን መንገዱ ተለወጠ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤትና ሕፃናትን በሚያሳድጉ ተቋሞች ውስጥ አካሉን ከሚነካ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ደነገገ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን ሕፃንን ስለ ማንገላታት በሚናገርበት ቦታ ሕጋዊና ተገቢ የሆነውን የማረም መብት ከክልከላው ለይቶ አስቀርቶታል። ስለዚህ በትምህርት ቤት ዱላ በሕገ መንግሥት ተከልክሎ ሳለ፣ «ተገቢ» በሚለው ቃል ሥር የቤቱ ልማድ እንደ ቀጠለ ነው።

ልማዱም ከሕጉ ጋር ወዲያው አልሄደም። ያንግ ላይቭስ የተባለው፣ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም የሕፃናትን ኑሮ ለብዙ ዓመታት የተከታተለው ጥናት፣ የ8 ዓመት ልጆችን ጠይቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ውጤቱ፣ ባለፈው ሳምንት በመምህር ተመትተናል ያሉት በኢትዮጵያ ከመቶ 38 ነበሩ፤ በሕንድ 78፣ በፔሩ 30፣ በቬትናም 20 ነበሩ። ይህ የተገኘው ሕገ መንግሥቱ ዱላን ከከለከለ ከአሥር ዓመት በላይ በኋላ ነው።

ከሌላው ዓለም

ክርክሩ አዲስ አይደለም፤ የአበሻም ብቻ አይደለም። ሮማዊው የንግግር መምህር ኩዊንቲሊያን በመጀመሪያው መቶ ዓመት፣ ልጅን መግረፍ የባሪያ ቅጣት ነው፣ መምህሩ በትጋት ቢከታተል ኖሮ ባላስፈለገም ነበር ብሎ ተከራክሯል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ላንካስተር እ.ኤ.አ. በ1798 ለንደን ውስጥ ለድሆች ልጆች ትምህርት ቤት ከፍቶ፣ እንደ የኔታ ትልቁን ልጅ ለትንሹ አስተማሪ አደረገ፤ ዱላንም ተወ፤ ለጎበዞቹ ቲኬትና ምልክት ይሰጥ ነበር። ነገር ግን በዱላው ምትክ ውርደትን አስገባ፤ ጥፋተኛውን በአንገቱ ግንድ ያስሸክመዋል፣ ወይም በቅርጫት አድርጎ ከጣራ ያንጠለጥለዋል። ዱላን መተው ብቻውን ምሕረት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

በኋላ ዘመን የአሜሪካው የሥነ ልቡና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ቅጣትና ሽልማት እኩል ኃይል አላቸው የሚለውን የቀድሞ አሳቡን እ.ኤ.አ. በ1932 አሻሻለ፤ ሽልማት የሚያጠነክረውን ያህል ቅጣት አያዳክምም አለ። ይህን ሰምቶ ማስመሪያውን በከረሜላ ለመተካት የሚቸኩል መምህር ግን እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመውን የሌፐር፣ የግሪንና የኒስቤት ሙከራ ያስታውስ። ሥዕል መሣል የሚወዱ ትንንሽ ሕፃናት «ብትሥሉ እንሸልማችኋለን» ተብለው ከተሸለሙ በኋላ፣ በነፃ ጊዜያቸው ከቀድሞው ያነሰ ሣሉ። ያልተነገራቸውና በድንገት የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም። ሽልማት ሥራውን የሚገዛ ዋጋ ሲሆን ሥራው ራሱ ይረክሳል፤ ለተፈጸመ ሥራ የሚሰጥ ክብር ሲሆን ግን እንደዚያ አያደርግም ማለት ነው።

መደምደሚያ

ለመርካቶ የሚሆን ምሳሌ ግን ከሩቅ አገር ማምጣት አያስፈልግም፤ በራሱ በመርካቶ አለ። የነጋዴው ዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ አለው። ዕጣው ገንዘቡን ለከፈለ ሁሉ በተራው ይደርሳል፤ አንዱ ቀድሞ ስላገኘ ሌላው አይቀርም። ዘግይቶ የከፈለ ይቀጣል፤ የቅጣቱ ልክ ግን ገና ሲገቡ የተስማሙበት ነው፤ ለትልቁም ለትንሹም ነጋዴ አንድ ነው፤ ከፍሎ ከጨረሰ በኋላም «ያረፈደው እገሌ» ተብሎ አይጠራም። ዕድርም እንዲሁ ነው፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ከዕድሩ ግን በአንድ ቀን አይባረርም። የሰፈሩ ሰው ለራሱ እንዲህ ያለ ሥርዓት ካቆመ፣ ለልጁ የተለየ ሥርዓት የሚገባው ስለ ምንድር ነው?

ከላይ ከተመለከትነው ታሪክ ሦስት ነገር እናወጣለን። አንደኛ፣ የክፍሉ ደንብና የቅጣቱ ልክ በመስከረም ከልጆቹ ጋር ይነገር፤ ልጁ የማያውቀው ደንብ ለእርሱ ደንብ አይደለምና። ሁለተኛ፣ ቅጣቱ ምንም ይሁን ምን በሩን የሚዘጋ አይሁን፤ ወላጁ መምጣት ያልቻለ እንደ ሆነ መምህሩ ወይም ሌላ ሰው ወደ አጎቱ ተራ ብቅ ይበል፤ በመርካቶ አድራሻው ከትምህርት ቤቱ ሩቅ አይደለም። ሦስተኛ፣ ማንበብ የቻለ ሕፃን ሁሉ፣ 1ኛም ይውጣ 40ኛ፣ የሚከበርበት አንድ ቀን ይኑረው።

የየኔታን አለንጋ ማንም እንዲመልሰው አንሻም። የምንሻው አብሮት የጠፋውን ነው። ለዚህም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አንድ ድፎ ዳቦ፣ አንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ፣ ከየተራው የሚጠሩ ጥቂት ሰዎች፣ በመካከላቸውም ቆሞ አንድ ገጽ የሚያነብ ልጅ ይበቃል።